ሻርፑን ስገዛ ልጅቷ ምን ታገኛለች?

ሰሞኑን የደረሱን ጥያቄዎች አንድ ጉዳይ ላይ ተረባርበዋል። ኑሮ የከበዳቸው ወጣት ሴቶች ሙያ የሚማሩባቸው ቦታዎች አሉ። የሠሩትን ይሸጣሉ፣ በሽያጩ ሥልጠናው ይቀጥላል። ገዢውም ዕቃውን ይዞ፣ ምርቃት ተቀብሎ ይሄዳል። ሲወራ እንዲህ ነው። አንባቢዎቻችን ግን ዝም ብላችሁ የምታምኑ አይደላችሁም፣ ደግ አደረጋችሁ። ስማችሁን ትተን፣ ደብዳቤያችሁን አሳጥረን እንመልሳለን።

«የምሠራበት ድርጅት ለገና ለሠራተኛው ስጦታ ይሰጣል። ዘንድሮ ግዢው እኔ ላይ ወደቀ። ከኬክና ከወይን ይልቅ ሙያ ከሚማሩ ችግረኛ ሴቶች ብገዛስ ብዬ አሰብኩ፣ አለቃዬም እሺ አለ። ሰባ ሰው ነን። የት ልሂድ? ገንዘቡ እነሱ ጋ መድረሱንስ በምን አውቃለሁ?» ከገርጂ

መጀመሪያ አለቃሽን አመስግኚልን።

ሽሮሜዳ ያደገ ሰው ከእንጦጦ ቅጠልና እንጨት ተሸክመው የሚወርዱትን ሴቶች ያውቃቸዋል። ሸክሙ ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ በላይ ነው። ከእነዚህ ሴቶች የተወሰኑት ከዓመታት በፊት ሸክሙን ትተው ሽመና ተማሩና ማኅበር መሠረቱ፤ ሥራቸውም ሻርፕ፣ ነጠላና የመሳሰለው ነው። ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ። እኛ አገር ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል። ሽሮሜዳ የዶርዜ ሸማኔዎች ሠፈር ብትሄጂ መወርወሪያውን የያዘው ወንድ ነው። እና ሴቶቹ የሽመና ዕቃው ላይ ሲቀመጡ ለዘመናት «የአንቺ አይደለም» ሲባሉ የኖሩትን ሙያ ነው የያዙት።

ዘነበወርቅ አካባቢ አለርት ሆስፒታል ግቢ ደግሞ በሥጋ ደዌ የተጎዱ ሰዎች የሠሩት ጥልፍና የሽመና ሥራ ለብዙ ዓመት ሲሸጥ ኖሯል። እዚያ ያሉት በአብዛኛው ተማሪ ሳይሆኑ በዕድሜ የገፉ ባለሙያዎች ናቸው፣ አንቺ ካሰብሽው ትንሽ ይለያል፣ እጃቸው ግን ይጣፍጣል። ወደ ጎንደር የሚሄድ ሰው ካላችሁ ወለቃ ላይ አቅም ለሌላቸው ሴቶች የሸክላ፣ የሽመናና የስፌት ሥልጠና የሚሰጥ የፕላውሼር የሴቶች ዕደ ጥበብ ማሠልጠኛ አለ። ወለቃ ድሮም የቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪዎች መንደር ስለነበረች ሙያው እዚያው ያደገ ነው። የትም ብትሄጂ ግን አስቀድመሽ ደውይ። እንዲህ ያሉ ቦታዎች የሚከፍቱበትን ቀንና ሰዓት በየጊዜው ይቀያይራሉ፣ በር ላይ ቆመሽ እንዳትቀሪ።

ኩባንያዎችም አሉ። ሳባሃር ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2004 አዲስ አበባ ውስጥ የተቋቋመ የሐርና የጥጥ ሽመና ድርጅት ነው። የሐር ትሉ የሚበላው እኛ በፍሬው ምጣድ የምናሰስበትን የጉሎ ዛፍ ቅጠል ነው (ይሄን ስንሰማ ገርሞናል)። በጎ አድራጎት አይደለም፣ ንግድ ነው፤ ግን የዓለም አቀፉ የፍትሐዊ ንግድ ድርጅት አባል ሆኖ የሚሠራ ንግድ ነው። ይሄን ልዩነት ያነሳነው ሰው ስለሚያደባልቀው ነው። ማሠልጠኛ አለ፣ የሴቶች ማኅበር አለ፣ ሠራተኛውን በአግባቡ የሚይዝ ኩባንያ አለ። ሦስቱም ጋ ብትገዢ ጥሩ ነው፣ ብሩ የሚሄድበት መንገድ ግን አንድ አይደለም።

ለዚህ ነው ስትሄጂ መጠየቅ ያለብሽ። ይሄን የሠራችው ተማሪ ናት ወይስ ተቀጣሪ? በቁራጭ ነው የሚከፈላት በወር? ትርፉ የት ይገባል? በደንብ የሚሠሩት ጋ እነዚህ ጥያቄዎች አያስደነግጡም፣ እንዲያውም ወንበር ስበው ያስረዱሻል። ፊት ከተቋጠረ ሌላ ቦታ አለ። ሕጉንም እወቂው፦ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 እንዲህ ያሉ ድርጅቶች ገቢ የሚያስገኝ ሥራ እንዲሠሩ ይፈቅዳል። ትርፉን ግን አባላቱ ተከፋፍለው ኪሳቸው ሊከቱት አይችሉም። ለሕዝብ ጥቅም የተቋቋመ ከሆነ ደግሞ የአስተዳደር ወጪው ከጠቅላላ ገቢው ከ20 በመቶ መብለጥ የለበትም። የሴቶቹ የራሳቸው ኅብረት ሥራ ማኅበር ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ትርፉ ለአባላቱ ነው፣ አባላቱም ሠሪዎቹ ስለሆኑ የፈለግሽው እሱን ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ሰባ ሻርፕ በእጅ የሚሸመን ነገር ነው፣ ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ሄደሽ «ለገና ይድረስልኝ» ብትይ ማንም አያደርስልሽም፣ አደርሳለሁ ያለሽ ካለ ደግሞ ከመርካቶ ገዝቶ ነው የሚሰጥሽ። አሁኑኑ እዘዢ። ቀብድ ክፈዪ። ፍትሐዊ ንግድ ውስጥ የዕደ ጥበብ ሥራ ያዘዘ ገዢ፣ ሠሪው ከጠየቀ ቢያንስ ግማሹን ቀድሞ መክፈል አለበት፣ ምክንያቱም ድርና ማጉን የምትገዛበት ካላገኘች ከአራጣ አበዳሪ ነው የምትወስደው። ዋጋ ላይ ብዛት አለኝ ብለሽ መነጋገር ነውር አይደለም። ሁሉን ተስማምተሽ ዕቃውን ስትረከቢ «የመጨረሻው ስንት?» ማለት ግን ነውር ነው። ለመሥሪያ ቤትሽ ደረሰኝ የሚያስፈልግሽ ከሆነም ቀድመሽ ጠይቂ፣ ሁሉም ጋ የለም።

አንድ ነገር ደግሞ እናስቸግርሽ። ስጦታው ላይ የልጅቷን ፎቶና «ከዚህ ሕይወት ወጥታ...» የሚል ታሪክ ለጥፉልኝ እንዳትዪ። እሷ ሻርፕ ነው የሸጠችልሽ።

«አሜሪካ ስኖር ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። አማዞን ላይ ስገዛ ስማይል የሚባለው ነበር፣ ለአገር ቤት ለሚሠራ ድርጅት ትንሽ ትሄድ ነበር። አሁን የለም። በሱ ፈንታ ምን አለ? ደግሞ 'ከገቢው ከፊሉ ለኢትዮጵያ ሴቶች ሥልጠና ይውላል' የሚል ሻርፕ በኢንተርኔት አየሁ። ልመን?» ከሲልቨር ስፕሪንግ

ጋሼ፣ ስማይል እ.ኤ.አ. በ2013 ተጀምሮ በፌብሩዋሪ 2023 ተዘግቷል። ብዙም አይዘኑ። ለድርጅቱ ይሄድ የነበረው ከግዢው 0.5 በመቶ ነበር። የመቶ ዶላር ዕቃ ሲገዙ 50 ሳንቲም ማለት ነው። በዓመት 2,000 ዶላር ቢያወጡ እንኳ 10 ዶላር። አማዞንም ሲዘጋው ገንዘቡ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ለሆኑ ድርጅቶች ተበጣጥሶ ለውጥ አላመጣም ነበር ያለው። ከዚያ ይልቅ እርስዎ ራስዎ በዓመት አንዴ 10 ዶላሩን ቢልኩ ያው ነው፣ 20 ቢልኩ ደግሞ በለጡ።

ሻርፑን በተመለከተ «ከፊሉ» የሚለውን ቃል አይቀበሉ። ከፊሉ ስንት ነው? ከምኑ? በምሳሌ እንየው። ሻርፑ 40 ዶላር ነው እንበል። «ከሽያጩ 10 በመቶ» ካሉ 4 ዶላር ነው። «ከትርፉ 10 በመቶ» ካሉና ትርፋቸው 5 ዶላር ከሆነ 50 ሳንቲም ነው። በዚያ ዓመት ካላተረፉ ዜሮ። ሁለቱም ማስታወቂያ ላይ ሲታዩ ያው ናቸው። ስለዚህ ኢሜይል ይጻፉላቸው፣ በቁጥር ይመልሱልዎት፣ የት ማሠልጠኛ እንደሚልኩም ስሙን ይንገሩዎት። ስሙን ካወቁ አዲስ አበባ ያለ ዘመድዎ ሄዶ አንድ ሻይ ጠጥቶ ይመለሳል፣ ከዚህ የተሻለ ኦዲት የለም።

ከዚህም በላይ የሚጠይቁት አለ። ሻርፑን የሸመነችው ራሷ ስንት አገኘች? እውነቱን ለመናገር ለእኛ ከልገሳው ይልቅ ይሄ ይበልጣል። ለሠሪዋ በቅጡ ከፍሎ ምንም ያልለገሰ ነጋዴ፣ ሠሪዋን ጨምቆ 10 በመቶ ከሚለግሰው ይሻላል።

እግረ መንገዳችንን፣ ሰፈርዎ ያለው ጉድዊል የሚባለው ያገለገለ ዕቃ መሸጫ የተጀመረው ከመቶ ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1902 ቦስተን ላይ ነው። ኤድጋር ሄልምስ የሚባል ቄስ ያገለገለ ልብስ እየሰበሰበ፣ ሥራ ያጡ ሰዎች እንዲጠግኑትና እንዲሸጡት አደረገ። ዛሬም ከሽያጩ የሥራ ሥልጠና ይሰጥበታል። ስንቱ ሐበሻ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ሲያገላብጥ ይውላል፣ ይሄን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። እዚያ የሚሠለጥኑት የአካባቢው ነዋሪዎች ናቸው፤ አዲስ የገባች የአገር ልጅ ካለች ለራሷም ጠይቁላት።

«ይሄ ሁሉ ዙሪያ ጥምጥም ለምን? የማልፈልገውን ዘምቢል ከምገዛ ብሩን በእጇ ብሰጣት አይሻልም?» ከአዳማ

የማትፈልገውን ዘምቢል አትግዛ። በዚህ ተስማምተናል።

ብር መስጠትም ጥሩ ነው፣ በተለይ ሥልጠና ላይ እያለች። ልጆቹ ለምን እንደሚያቋርጡ አሠልጣኞቹን ብትጠይቅ ትምህርቱ ከበደን ብሎ የወጣ ጥቂት ነው። የታክሲ የለም። ምሳ የለም። ሕፃኑን የሚይዝ የለም። ሥልጠናው ነፃ ቢሆንም እሷ በቀን ሥራ ታገኝ የነበረውን ትታ ነው የመጣችው፣ ቤት ኪራይ ደግሞ ሥልጠና ላይ ነኝ ቢሉት አይሰማም። የአንዲትን ልጅ ታክሲና ምሳ እስክትጨርስ እችላለሁ ካልክ ከብዙ ዘምቢል ይበልጣል። ግን በእጇ ሳይሆን በማሠልጠኛው በኩል አድርገው። አንተ ጨዋ ነህ፣ ስልኳን ይዞ ማታ ማታ የሚደውል «ረጂ» ግን ሞልቷል።

መግዛት የሚያስፈልገው ከተመረቀች በኋላ ነው። ያኔ የምትፈልገው ደንበኛ ነው።

«አነስተኛ የሴቶች ማኅበር ነን። ከገጠር መጥተው መንገድ ላይ የቀሩ፣ ከአረብ አገር ባዶ እጃቸውን የተመለሱ ልጆችን ልብስ ስፌት እናስተምራለን። ሲኦሲም (የሙያ ብቃት ምዘናውን) አልፈዋል። ባዛር ሲኖር ይሸጣል፣ ከዚያ ውጪ ቁጭ ነው። ሰው 'በርቱ' ብሎ ገዝቶ ይሄዳል፣ አይመለስም። ምን እናድርግ?» ከደሴ

እህታችን፣ ከሁሉም ያስጨነቀን የእርስዎ ደብዳቤ ነው፣ ስለዚህ ረዘም አድርገን እንመልስ።

«በርቱ» ብሎ የገዛ ሰው የገዛው ዕቃውን አይደለም። አዝኖ ነው የገዛው፣ ሐዘን ደግሞ በዓመት አንዴ ነው የሚመጣው። እስኪ ጠረጴዛችሁ ላይ ያለውን እዩት። የባንዲራ ቀለም ያለው ትንሽ ቦርሳ፣ የስልክ መያዣ፣ የሶፋ ልብስ በጥልፍ። አንዴ የገዛ ሰው ሁለተኛ ምን ያደርግለታል? ሰው እየተመላለሰ የሚገዛው ሌላ ነው። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም በየዓመቱ ይገዛል። ሆቴል አንሶላና የትራስ ልብስ ያልቅበታል። ምግብ ቤት ሽርጥ ይፈልጋል፣ ክሊኒክ ጋውን ይፈልጋል። አያምርም፣ ፎቶ አይነሳም፣ ግን ወር በወር እንጀራ ነው።

ፍሬወይኒ መብራህቱን አስቡ። እ.ኤ.አ. በ2009 መቀሌ ላይ ማርያም ሳባ የሚባለውን ፋብሪካ ከፍታ ታጥቦ የሚደገም የንጽህና መጠበቂያ ማምረት ጀመረች፣ ሠራተኞቿ በአብዛኛው ሴቶች ነበሩ። በ2019 ሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ብሎ የሸለማት ለዚህ ነው። የመረጠችው ዕቃ ልጃገረድ ሁሉ በየወሩ የምትፈልገው፣ ገበያ ላይ ግን እንደ ልብ የማይገኝ ነበር። እናንተም ደሴ ላይ የጠፋው ምንድነው ብላችሁ ጀምሩ። ለዚህ ጥናት የሚሠራ አማካሪ አያስፈልግም፣ አሥር ትምህርት ቤትና አሥር ሆቴል ሄዳችሁ «ከየት ነው የምታስመጡት? ምኑ ያማርራችኋል?» ማለት ይበቃል።

ዋጋችሁንም ፈትሹ። ብዙ ማኅበር የጨርቁንና የክሩን ብቻ ደምሮ ዋጋ ያወጣል። የልጆቹ ጉልበት የለበትም፣ ኪራይ የለበትም፣ መኪናው ሲበላሽ የሚጠገንበት የለበትም። ከዚያ ርካሽ ነን ይባላል፣ በዓመቱ ይዘጋል። በርዳታ የተገኘ ጨርቅ ቢሆን እንኳ እንደተገዛ አድርጋችሁ አስሉት፣ ርዳታው ያለቀ ቀን ጉድ እንዳትሆኑ።

ጥራት ላይ አንድ ኮስታራ ሴት መድቡ። የአዝራር ቀዳዳው፣ ዘምዘማው፣ ቁጥሩ። ሜዲየም ያላችሁት አንዱ ከአንዱ የሚለያይ ከሆነ ሆቴሉ ሁለተኛ አይደውልም። ሲኦሲ ልጅቷ መስፋት እንደምትችል ነው የሚመሰክረው፣ ሃምሳ አንድ ዓይነት ሸሚዝ በቀነ ቀጠሮ ማድረስ ሌላ ትምህርት ነው፣ እሱን የምትማረው ትዕዛዝ ላይ ነው።

በማኅበራዊ ሚዲያ ስትሸጡ ደግሞ በእናታችሁ፣ ዋጋውን ጻፉት። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለው ስንቱን ገዢ እንዳባረረ።

አንድ የሚከብድ ነገር እንጨምር። የሚቀጥሉትን ልጆች ስትቀበሉ ሁሉንም ስፌት አታስተምሩ። ስፌት የሚመረጠው መኪናው ስላለና አሠልጣኝ ስለማይጠፋ ነው፣ ከተማው ግን ስንት ሰፊ ይችላል? ኮምቦልቻ ቅርብ ስለሆነ ፋብሪካ ይወስዳቸዋል የሚል ተስፋ እንዳለ እናውቃለን። የኢንዱስትሪ ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ2017 ሲመረቅ የብዙ ሰው ተስፋ ነበር፤ ከዚያ ጦርነቱ መጣ፣ በጃንዋሪ 2022 ደግሞ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ (ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚገባበት ዕድል) አወጣች፣ ለውጭ የሚሰፉ ፋብሪካዎችም ተጎዱ። በሱ ብቻ አትመኩ። ምግብ ዝግጅት፣ ፀጉር ሥራ፣ የሞባይል ጥገና፣ የቤት ቀለም እያላችሁ ጠይቁ። የሞባይል ጥገና ስንል የሚስቁ ይኖራሉ። ስልኳን ለወንድ ልጅ ሰጥታ ፎቶዋ እንዳይታይ የምትሳቀቅ ሴት ስንት ናት? ሴት ጠጋኝ ብታገኝ እየሮጠች ነው የምትሄደው።

«ልጃችን ልታገባ ነው። እዚህ እስራኤል ውስጥ ገዝተን የእኛን ልጆች የምንረዳበት ይኖራል?» ከነታንያ

እንኳን ደስ ያላችሁ! ጌጣጌጥ ካሰባችሁ ስሙ «መጀመሪያ» የሚባል ትምህርት ቤት አለ። ኢየሩሳሌም አጠገብ ሞጻ ላይ ያለው ኢቬል የተባለ የጌጣጌጥ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ገደማ የከፈተው ትምህርት ቤት ነው። ከኢትዮጵያ የመጡ ስደተኞች፣ ሴትም ወንድም፣ የወርቅና የብር ሥራ በነፃ ይማሩበታል፣ በትምህርቱ ጊዜ የኪስ ገንዘብም ይሰጣቸው ነበር። በስሙ የሚሸጠው ጌጥ ላይ አማርኛ የተጻፈበትም አለ፣ ትርፉ ወደ ትምህርት ቤቱ ይመለሳል። ለቤት ዕቃ ደግሞ ደቡብ ቴል አቪቭ ውስጥ ኩቺናቴ አለ። ከ2011 ጀምሮ ጥገኝነት ጠያቂ አፍሪካውያን ሴቶች፣ ብዙዎቹ ኤርትራውያን፣ በኪሮሽ ቅርጫት ይሠሩበታል። ሁለቱም ጋ ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉ።

«ያገለገሉ አራት የስፌት መኪናዎች ከጓደኞቼ ሰብስቤያለሁ። ወደ አገር ቤት ለሴቶች ማሠልጠኛ ልላክ?» ከአትላንታ

ቆይ እህቴ፣ ከመላክሽ በፊት ጀርባውን ገልብጠሽ የተጻፈውን አንብቢ። አሜሪካ 120 ቮልት ነው፣ ኢትዮጵያ 220። 120 ብቻ የሚል ከሆነ እንደሰኩት ይቃጠላል። ትራንስፎርመር ይገዛሉ እንዳትዪ፣ ያንን ማን ይከፍላል? ሁለተኛ፣ ቤት ውስጥ እሁድ እሁድ የሚሰፋበት ቀላል መኪና ጠዋት ማታ ሠልጣኝ ሲቀባበለው አይችልም። ሦስተኛ፣ መብራት ሲጠፋ ሥልጠናው ይቆማል፣ የእግሩ መኪና ግን ይሠራል። ማጓጓዣውንና ቀረጡን ስትጨምሪበት መርካቶ አዲስ የእግር መኪና መግዛቱ ሊረክስ ይችላል።

ስለዚህ አራቱን እዚያው ሽጪና ብሩን ላኪ። ማሠልጠኛው ይግዛ፣ ደረሰኙንና የመኪናውን ፎቶ ይላክልሽ። ከመላክሽ በፊት ግን ደውለሽ ምን እንደጎደላቸው ጠይቂ። መኪና ሞልቶ ኦቨርሎክ (የጨርቁን ጠርዝ የሚይዘው መኪና) የሌለበት ቦታ አለ፣ ኦቨርሎክ ደግሞ ከሌለ ያሰቡትን ዩኒፎርም ለትምህርት ቤት ማቅረብ አይችሉም። የጎደለው የጠቅላላ ጥገና ሂሳብ ወይም መቀስ፣ ቦቢንና መርፌ ብቻ ሊሆንም ይችላል። መርፌ ከሆነ ቁጥሩን ይንገሩሽና በሻንጣ ለሚመጣ ሰው ስጪው።